ሽማግሌዎቹ የመጡበት ጉዳይ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሃይደር መጨረሻውን ቀየረው። አልነገረኝም፤ ልምምድ ላይ ደርሼ ነው ያየሁት።

በኋላ እንዳይምታታብኝ ከሥሩ ልጻፈው። ተውኔቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚያዘጋጀው ሃይደር ነው። መነሻው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያነበብኩት፣ እንግሊዞች በንግሥቲቱ ዘመን የጻፉት ወፍራም ልብ ወለድ ነው። አንዲት የተማረች ድሃ ልጅ ሀብታም ቤት ልጆች ልታስተምር ትቀጠራለች። የቤቱ ትልቅ ልጅ አገባሻለሁ ይላታል። ነገሩ ሲወጣ አላውቃትም ይላል። ያባርሯታል፤ በረዶ ላይ ሞታ ትገኛለች። እኔ ልጅቱን ሲኤምሲ አመጣኋት። ቤቱ ግቢው ሁለት መኪና የሚያቆም ቪላ ነው፤ እሷ የቤት ለቤት አስጠኚ ናት። በረዶውን ተውኩትና በምትኩ ሽማግሌ አስገባሁ። መጽሐፉን በደገምኩት ቁጥር የሚገርመኝ ይኸው ነበር፤ ልጅቱ ዘንድ ማንም ለማስታረቅ አልመጣም። እዚህ ቢሆን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰው ነጭ ለብሶ ይመጣ ነበር። በእኔ ተውኔት ይመጣሉ። "ልጁ ተጸጽቷል፤ ያገባሻል፤ ይቅር በይው" ይሏታል። እሷ አይሆንም ትላለች። በሩን ከፍታ ትወጣለች። መጋረጃ።

ዛሬ ልጅቱን የምትጫወተው ረሆቦት "እሺ፣ ለእናንተ ስል" ብላ ተንበረከከች። ወዲያው ከስልክ እልልታ ተለቀቀ።

"ይኼ ምንድነው?" አልኩ።

"ሙከራ ነው፣ ሀጁ" አለ ሃይደር ከወንበሩ ሳይነሳ። "ስፖንሰሮቻችን ቤት ሻጮች ናቸው። ባል የሌለው መጨረሻ ቤት አይሸጥም።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እስካሁን አላውቅም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

በችኮላ። የሦስት ክፍል ፈተና አልታረመም። ረሆቦት በስልክ፦ ሃይደር ለተዋንያኑ "ሀጀር መጨረሻው ላይ ተስማምታለች" ብሏል። አልተስማማሁም። ደወልኩለት፤ አያነሳም። ነገ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

የምንለማመድበት አዳራሽ ቦሌ ነው፤ ባለቤቱ አቶ ገሰሰ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይፈልጉ ሰው ናቸው። ዛሬ ቀድሜ ደረስኩና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ደራሲዋ በአፏ ፈቅጃለሁ ካላለችኝ አዳራሼን አልከፍትም። ፌስቡክ ላይ ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም።"

"እሷን ለእኔ ይተዉልኝ፣ ጋሽ ገሰሰ" አለ ሃይደር። "በእጄ ናት።"

ልገባ የነበረውን ትቼ ተመለስኩ። ሰሚት ቤቴ እስክደርስ ታክሲው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ስለ ቲማቲም ዋጋ ታወራ ነበር፤ በጥሞና ሰማኋት።

እንግዲህ ይህን ደብተር ሌላ ሰው አያየውም። ሃይደርና እኔ ሁለት ዓመት አብረን ነበርን። ቤት ውስጥ የምታውቀው እህቴ ፈሂማ ብቻ ናት። ባለፈው ነሐሴ "መቼ ነው ሽማግሌ የምትልከው?" አልኩት። "አንቺ ለጽሑፍ እንጂ ለትዳር አትሆኚም" አለኝ። እየሳቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ጉዳይ ብቻ እንነጋገራለን። ስለዚህ ነገር ብዙ አላስብም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ተዋንያኑ ባሉበት ተናገርኩ። ድምፄን አላነሳሁም። በእኔ መጨረሻ ካልሆነ ተውኔቱ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ካልሆነ ደግሞ ማሳየት አትችሉም አልኩ። አቶ ገሰሰ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ሃይደር ወደ ሌሎቹ ዞሮ "ሰሞኑን ትንሽ አልተረጋጋችም" አለ፤ እንደሚያዝንልኝ ሰው።

ተረጋግቼ ወጣሁ። ታች ስደርስ ጃንጥላዬን ረስቼ ነበር፤ ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ረሆቦት ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። በር ላይ ቆመን አወራን።

"ለዚህ ቲያትር ስል ተከታታይ ድራማ እምቢ ብያለሁ" አለች። "ስምንት ሰው ነው ሥራ ትቶ የሚለማመደው። አንቺ ደሞዝ አለሽ፣ አባት አለሽ፣ ቤት አለሽ። እኔ አያት ሰፈር አንድ ክፍል ነው ያለኝ፤ ቁልፉም የአከራዬ ነው።"

"ታዲያ አንቺ መጨረሻውን ወደድሽው?"

"የእሱን? ኧረ ተዪኝ። ስንበረከክ ራሴን እታዘባለሁ። ግን እንበረከካለሁ፤ ሥራ ነዋ።"

"እኔ የጻፍኩት እንድትቆሚ ነው።"

"አውቃለሁ። ቆሜ ምን እንደምበላ ግን አልጻፍሽም።"

ልጆቹ ከክፍል ወጡና ጫጫታ ሆነ። እንዳልሰማሁ ሆኜ በጫጫታው አመካኘሁ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አባቴ ማታ እራት ላይ፦ "ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ጣሃ ይመጣሉ፤ ሁለት ሰው አስከትለው። ቤቱ ይስተካከል።"

ሐጂ ጣሃ የሃይደር አጎት ናቸው። ፈሂማ ሹካዋን አስቀመጠችና አየችኝ። እኔ ወጡን ጨመርኩ።

"ምን ፈልገው ነው?" አልኩ።

"ሽማግሌ ምን ፈልጎ ይመጣል?" አለ አባቴ፤ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ፈሂማ በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ አመነች፤ ባለፈው ወር አባቴ ሲያስጨንቃት "ሃይደር የሚባል አለ፤ ትወደዋለች" ብላዋለች። ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ደክሞኝ ተኛሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

መጡ። ሐጂ ጣሃ፣ አቶ ገሰሰ፣ ስሙን የማላውቀው አንድ ረጅም ሽማግሌ። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል። አቶ ገሰሰን ሳይ ትንሽ ግር አለኝ፤ ሃይደር ትልቅ ሰው ሲያጣ የሚያውቀውን ለምኖ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

እኔና ፈሂማ ኩሽና ነበርን። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስለሆነ ሁሉ ይሰማል። ሐጂ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኮምቦልቻ መንገድ ጠየቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ አብዱልገኒ፣ የመጣነው…"

"ሐጂ፣ በአላህ፣ አይጨርሱት" አለ አባቴ። "እኔ እርስዎን የሚያህል ሰው ደጄ ላይ ለምኖ እንዲቆም አላደርግም። የመጣችሁበት ገብቶኛል። የልጁንም ስም ሰምቻለሁ። እናቷ በሕይወት ብትኖር ይሁን ትል ነበር፤ እኔም ይሁን ብያለሁ። ዱዓ አድርጉልን።"

ግማሽ ቀን ሊለምኑ አስበው የመጡ ሰዎች ናቸው።

"አላህ ያክብርህ" አሉ ሐጂ። "እንዲህ ይቀላል ብለን አልመጣንም።"

ዱዓ ተደረገ። አሚን ተባለ፤ አቶ ገሰሰም በራሳቸው "አሜን" አሉ። ለስላሳ ቀረበ።

"ሻሽሽን ለምን ቀየርሽ?" አለች ፈሂማ በሹክሹክታ።

"ቆሽሾ ነበር።"

"ጠዋት ነው ያደረግሽው።"

ሰላም ልበላቸው ብዬ ወጣሁ። ሐጂ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። "ተባረኪ፤ አስቸጋሪ ናት ብለውን ነበር" አሉ። አቶ ገሰሰ ደስ ብሏቸው እጄን ይዘው አልለቀቁም።

ሲሄዱ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ታች ሰዎች ውሃ እየቀዱ ነበር። ምንም አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ ረሆቦት ደወለች። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ሀጁ። ክፉ ተናግሬሽ ነበር። እውነቴን ነው፣ ትፈቅዳላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም።"

"ምኑን?"

"ሃይደር ግሩፑ ላይ ጻፈው እኮ። ሽማግሌ ልኬ ደራሲዋም አባቷም ተስማምተዋል፤ ኅዳር 27 እንከፍታለን ብሏል።"

ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ጠየቅኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ሻሹን አውልቄ አጠብኩት።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አባቴ ጠዋት ኮምቦልቻ ደውሎ ለሦስቱም አክስቶቼ ነግሯል። እኔ ከመንገሬ በፊት።

ነገርኩት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

"ሦስት ትልልቅ ሰው… ለቲያትር?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ተጋቡ ሊሉ አይደለም?"

"መጨረሻው እንዲቀየር ልፈቅድ ነው።"

"የምኑ መጨረሻ?"

ተውኔቱን ተረኩለት። የመለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቆሞ ቲያትር ቤት ገብቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ወደ ልጅቱ ቤት የሚመጡበት ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

"ይኼን መቼ ነው የጻፍሽው?"

"አምና።"

ፈሂማ በሩ ጋ ቆማ "የጻፈችው ቤታችን መጣ" አለች። ማንም አልሳቀላትም።

አባቴ ለሐጂ ጣሃ ደወለ። ሐጂም ብዙ አያውቁም ነበር፤ የወንድማቸው ልጅ "ከአንዲት ልጅ ጋር በሥራ ተጣልቻለሁ፤ አስታርቁኝ" ብሏቸው ነው። አባቴ ለጋብቻ ዱዓ አድርጎ ነበር፤ እሳቸው ለእርቅ። የስልኩ ድምፅ ለእኔም ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ሐጂ "አንተ ቤት ተቀምጬ አሚን ያልኩበትን ባዶ አላደርገውም፤ ልጁን ለእኔ ተወው" አሉ።

አባቴ ስልኩን አስቀመጠ። "እናትሽ ብትሆን ትጠይቅሽ ነበር" አለ። "እኔ መጠየቅ አፈርኩ።"

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ገርጂ አንድ ካፌ ከሃይደር ጋር ተገናኘን። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለነበረ ብቻ ነው።

"ሐጂ ሊበሉኝ ነበር" አለ። "ያው እኔም አሰብኩበት። ቃሉ ከወጣ ወጥቷል። ተስማምቻለሁ።"

"ምን ላይ?"

"ባንቺ ላይ ነዋ።"

"ነሐሴ ላይ ለትዳር አትሆኚም ብለኸኝ ነበር።"

"ተናድጄ ነው።"

"እየሳቅክ ነበር።"

ማኪያቶውን አማሰለ። ስኳር እንደማይጨምር አውቃለሁ።

"ቲያትሩስ?" አልኩ።

"ያው ይከፈታላ። እኔና አንቺ ከተጋባን፣ የእኔ መጨረሻ፣ ያንቺ መጨረሻ የሚባል ነገር አለ እንዴ?"

"ሽማግሌ ስትልክ እኔን አስበህ ነበር?"

"አሁን እያሰብኩሽ ነው። አይበቃም?"

ደህና መልስ ነበር። መድረክ ላይ ቢሆን ሰው ያጨበጭብለታል። አስባለሁ አልኩትና ተነሳሁ። ለምን አስባለሁ እንዳልኩ ግን መግለጽ አልችልም። ወደ ቤት ስመለስ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

አክስቴ ከኮምቦልቻ፦ ጥቁር አዝሙድ ልላክ ወይስ በርበሬ? ትንሿ አክስቴ፦ ልጁ ይሰግዳል? የሱቁ ጎረቤት አባቴን "መልካም ጋብቻ" ብሎታል። ረሆቦት፦ "የምሰማው እውነት ነው? እንኳን ደስ አለሽ። ለእኛም በረከት ነሽ።"

ስምንት ሰው። አባቴ። አክስቶቼ። አንድ "እሺ" ሁሉንም ያስደስታል። ያን ቃል ረሆቦት ስትለው ስሰማ ቆይቻለሁ፤ ድምፁን በደንብ አውቀዋለሁ።

ሐጂ ነገ ይመጣሉ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ያንኑ ነጭ ልብስ ለብሰው ሦስቱም መጡ። ሐጂ ጣሃ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"አብዱልገኒ፣ አላህ ስህተታችንን ወደ ኸይር ለወጠው" አሉ። "ልጁ ሁለቱንም ተቀብሏል። ጋብቻውንም ቲያትሩንም። ኒካሁ ከአዳራሹ መክፈቻ በፊት ይታሰር፤ ሁሉም በሰላም ይለቅ።"

አባቴ እስኪመልስ ሳልጠብቅ ከኩሽና ወጣሁ። ሴት ልጅ በዚህ ሰዓት አትገባም፤ ፈሂማ ቀሚሴን ይዛኝ ነበር፤ አልጎተተችም። ሐጂ ቦታ ሊለቁልኝ ተጠጉ፤ አልተቀመጥኩም።

"ሐጂ፣ ደክማችሁ ሁለት ጊዜ መጥታችኋል" አልኩ። "አላገባውም። ተውኔቱም በእሱ መጨረሻ እንዲታይ አልፈቅድም። አባቴ ይሁን ያላችሁ ልጄን ፈልጓት ነው ብሎ ነው። ሃይደር ግን የላካችሁ አዳራሽ እንዲከፈትለት ነው።"

"ልጄ" አሉ ሐጂ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። "ሰው ሲሳሳት ነው ሽማግሌ የሚላከው። ተጸጽቷል።"

"ለእርስዎ ነግሮዎታል። ለእኔ አልነገረኝም።"

"አንዱን እንኳ ስጪን። ከዚህ ቤት ባዶ እጃችንን ብንወጣ ለአባትሽም ጥሩ አይደለም። ጋብቻውን እምቢ ካልሽ ቲያትሩን። እሱ ወረቀት ነው፤ ሌላ ትጽፊያለሽ።"

አባቴን አየሁት። ምንጣፉን ነበር የሚያየው። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ልሰጣቸው ነበር። ወረቀት ነው ማለታቸውን አላመንኩበትም፤ የአባቴ አንገት ግን እንደዚያ ተደፍቶ አይቼው አላውቅም።

"የምሰጣችሁ የለኝም" አልኩ።

ለልጅቱ በዚህ ቦታ አንድ ገጽ ተኩል ንግግር ጽፌላት ነበር። ቁጣ አለበት፣ ጥሩ ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች አሉበት። አሁን ሳየው አብዛኛው ይወጣል። ሰው እንዲህ ቆሞ ብዙ አይናገርም፤ አፉ ይደርቃል።

አቶ ገሰሰ ኮፍያቸውን አነሱ። "እንግዲህ ጽሑፉ ላይ እንዳለው ሆነ" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን።

ያለ ዱዓ ተነሱ። አባቴ እስከ መኪናቸው ሸኛቸው፤ አራት ፎቅ። ቶሎ አልተመለሰም። ፈሂማ ወርዳ አይታው ነበር፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ ጎረቤቶች እያለፉ ሰላም ይሉታል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አቶ ገሰሰ አዳራሹን ለአንድ የኮሜዲ ቡድን ሰጡት። ሃይደር ግሩፑ ላይ "በደራሲዋ የግል ችግር ምክንያት" ብሎ ጻፈ። የግል ችግር። ስሜን አልጠራም፤ መጥራት አላስፈለገውም።

ረሆቦት ስልኬን አታነሳም። ልክ ናት። ልክ ናት ብዬ ብጽፍም እሷ አታነበውም።

አባቴ ምሳ አልበላም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ፦ "ሚስ፣ ቲያትርሽ መቼ ነው?" አልኩት፦ አይታይም። "ለምን?" ገጽ ስልሳ ሁለት አውጡ አልኳቸው።

አክስቶቼ መደወል አቁመዋል። አባቴ ስልኩን አገላብጦ ያየዋል። ከእኔ ጋር የሚነጋገረው በፈሂማ በኩል ነው። "ለእህትሽ ጨው አቀብያት።" ጨው አልፈልግም ነበር፤ ተቀበልኩ።

ይቅርታ ልለው ሁለት ጊዜ ሳሎን ገብቼ ወጣሁ። ይቅርታ ካልኩ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። አልተሳሳትኩም። አንገቱን ያስደፋሁት ግን እኔ ነኝ። ሁለቱ አንድ ላይ እውነት መሆናቸው ያደክማል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አባቴ ከሱቅ ቀድሞ ገባ። ፈሂማ አልነበረችም። ጫማውን ሳያወልቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"የእንግሊዞቹ ላይ" አለ፤ "ያቺ ልጅ ምን ሆነች አልሽኝ?"

"ሞተች። በረዶ ላይ።"

"ማንም አልፈለጋትም?"

"ማንም።"

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደሚያውቃት ሰው። "ያንቺስ?"

"እምቢ ትላለች። በሩን ከፍታ ትወጣለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ መጋረጃ ነው፣ አባዬ። ያልቃል።"

"የት ያልቃል?" አለ። "እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ እያየሁ ነው፤ የሚጀምረው እምቢ ካልሽ በኋላ ነው። ሰው አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሥራ አለ፤ በማግሥቱ ደግሞ ይነጋል። ያቺን ልጅ በር ላይ ጥለሻት መብራት ታጠፊያለሽ? ሃይደር አጋብቶ ተገላገላት፤ እንግሊዞቹ ገድለው ተገላገሏት። አንቺም ያው ነሽ።"

አባቴ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ልከራከረው አፌን ከፈትኩ። ክፍት መጨረሻ ስለሚባል ነገር የተማርኩትን ሁሉ አውቀዋለሁ።

"የት እንደምትሄድ አላውቅም" አልኩት።

"እንግዲያው እወቂ" አለ። ተነስቶ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ። "ኮምቦልቻ ደውያለሁ። ልጄ አልፈለገችም ብያቸዋለሁ። እሱ የእኔ ድርሻ ነው። የቀረው ያንቺ ነው።"

ለረሆቦት መልእክት ጻፍኩላት፦ "አልጨረስኩትም ነበር። ልክ ነበርሽ። አሁን እየጨረስኩት ነው፤ የት እንደምናሳየው አላውቅም። ታነቢያለሽ?" ታይቷል ይላል። መልስ የለም።

እስኪመጣ አልጠበቅኩም። የድሮውን የመጨረሻ ገጽ አወጣሁ። "መጋረጃ" የሚለውን ሰረዝኩት። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

ሦስተኛ ገቢር። አያት፣ የባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ። ጠዋት። ልጅቱ ቆማለች፤ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። ከባቡሩ ሰው ይወርዳል። አንዲት ሴት ቀረብ ብላ "ቤት ነው ወይስ ሥራ የምትፈልጊው?" ትላታለች።

ልጅቱ፦ "ሁለቱንም።"